አባቴ ጫካ ሊያስተምረን የወሰደን ጊዜ

በልጅነቴ ቤታችን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነበር። ከደጃፋችን ሰው የማይታይበት፣ ወሬ የማይሰማበት ሰዓት አልነበረም። ሽቅብ ሲወጡ አራዳ ጊዮርጊስ፣ ቁልቁል ሲወርዱ የሽንኩርትና የበርበሬ ነጋዴ፣ መሀል ላይ የጋሪ ፈረስ ኮቴ የሚንኳኳበት የድንጋይ መንገድ። አባቴ ተሰማ ልብስ ሰፊ ነበር። ፒያሳ ላይ ከአንድ ኬክ ቤት ጎን በተለጠፈች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ለሹማምንትና ለሙሽሮች ሱፍ ሲቆርጥ ይውላል። ይህ ሰው በጠላት ጊዜ ዱር ውሎ ዱር ያደረ አርበኛ መሆኑን የምናስታውሰው በዓመት አንድ ቀን ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ሲሰካ ብቻ ነበር። ስለዚያ ዘመን ስንጠይቀው አፉን ከፍቶ አያውቅም።

ጉዞውን ያመጣው የታላቅ ወንድሜ የጌታሁን ወሬ ነው። ጌታሁን ሲኒማ ይወድ ነበር። አንድ ማታ ራት ላይ፣ ፈረንጁ አዳኝ ጫካ ውስጥ ብቻውን እንዴት እንደ ከረመ፣ አንበሳውን በቢላዋ እንዴት እንደ ጣለው እየዘለለ ሲተርክልን፣ አባቴ እጁን ከመሶቡ መለሰ።

«ሰውየው ምን በላ?» አለ።

«እ?»

«ምን በላ? ውሃ ከየት አገኘ? ሌሊት ሲበርደው ምን አደረገ?»

ጌታሁን አሰበ። «ፊልሙ ላይ አላሳዩንም፣ አባባ።»

«ዋናው እሱ ነበር» አለ አባቴና እጁን ታጠበ።

በማግሥቱ፣ ጥምቀት ሲያልፍ ሁላችንንም መናገሻ ጫካ ይዞን እንደሚሄድ ተናገረ። ልጆቹ ዱር ውስጥ እሳት ማንደድ፣ ውሃ መፈለግ፣ ማደሪያ መሥራት፣ መንገድ ሲጠፋባቸውም አለመደናገጥ እንዲያውቁ ይፈልጋል። እናቴ አስካለ ስትናደድ አባቴን «አቶ» ትለዋለች። ያን ቀን ደጋግማ አለችው።

«ሰው ከዱር ወደ ከተማ ይገባል እንጂ፣ ልጆቹን ይዞ ከአራዳ ወደ ዱር የሚገባ የት አገር ታይቷል፣ አቶ ተሰማ?»

«ዛሬ ሰላም ነው፣ አስኩ። ሰላም ሳለ ነው የሚማሩት።»

«እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ። ልጆቼን ለብቻህ አልሰጥህም።»

እናቴ የአራዳ ልጅ ነች። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው ድልድዩ ሥር ሱቅ ከፍተው የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ከእንጦጦ ሌላ ተራራ ረግጣ አታውቅም። ታናሽ እህታችንን አክስታችን ዘንድ አስቀመጠችና ለአንድ ሠራዊት የሚበቃ ስንቅ ታዘጋጅ ጀመር፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ፉርኖ ዳቦ፣ አንድ ጃንጥላ ጭምር። አባቴ ጃንጥላውን አይቶ ሳቀ። እሷ ግን አላወጣችውም።

ሰኞ

ከቤት ስንወጣ ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። ድልድዩ አጠገብ የአናጢዎች ሱቆች ስለ ነበሩ፣ ከመናገሻ ጣውላ የሚያመጡ ካሚዮኖች እዚያ አራግፈው ጠዋት ባዷቸውን ይመለሳሉ። ከሾፌሮቹ አንዱ ጋሽ በቀለ የአባቴ ደንበኛ ነበር። እናቴና እኔ ጋቢና ገባን፤ አባቴና ጌታሁን ከኋላ ሸራ ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ በቀለ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ኮልፌን አልፈን ባሕር ዛፉ ሲበዛ እናቴ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ወደ ኋላ ታያለች።

«እትዬ አስካለ፣ ከተማው አይሸሽም፤ ስትመለሺ ታገኚዋለሽ» አላት።

«አንተ ወደ ፊት እያየህ ንዳ።»

«ወደ ፊትማ ምን አለ ብለሽ ነው? አቧራ ብቻ!»

እውነቱን ነበር። ፒያሳ ላይ አቧራ ሲነሣ ከየሱቁ ውሃ ይረጫል። እዚህ የሚረጭ የለም። የእናቴ ነጭ ነጠላ ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የቡና ቀለም ያዘ። እኔ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አዲስ አበባ ማለቂያ ያለው ከተማ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እስከዚያ ድረስ ዓለም ሁሉ ሱቅና ደረጃ ይመስለኝ ነበር።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ፒያሳ ቢሆን ጎሚስታው በየማዕዘኑ ነው። ጋሽ በቀለ ግን ጎማውን አውጥቶ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ፣ መልሶ ሲተነፍስበት፣ እንደገና ሲለጥፍ ግማሽ ቀን አለፈ። ከመንገዱ ዳር ካለ ጎጆ አንዲት ሴት ወጥታ ሳትጠየቅ እርጎ በቅል አመጣችልን። እናቴ ቦርሳዋን ስትከፍት ሴትየዋ ተቆጥታ ጀርባዋን ሰጠችን። «ይህን በአራዳ ብትነግሪው ማን ያምንሻል?» አለች እናቴ። ጉዞውን ከጀመርን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ ሲል አየሁት።

በዚህ ምክንያት መናገሻ ስንደርስ ቀኑ አልቆ ነበር። ካሚዮኑ ጫካው ግርጌ አውርዶን ወደ ጣውላ መሰንጠቂያው ሄደ። አባቴ ሰማዩን አየ፣ ዛፎቹን አየ። «በጨለማ ጫካ አይገባም። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይሁን» አለና ጭስ ወደሚታይበት አንድ ጎጆ መራን። ደጃፉ ላይ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን» ብሎ ተጣራ።

አንዲት ቀጭን፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ አሮጊት ወጣች። ጫልቱ ይሏታል። ከልጇ ከሎሚ ጋር ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። «ኮቱ፣ ኮቱ!» አለችን፤ ኑ ግቡ ማለቷ ነው። ኦሮምኛውን ከአማርኛ እየቀላቀለች ነበር የምታወራው፤ አባቴ ይሰማዋል፣ ለእኛ ደግሞ ሎሚ ታግዘናለች። አሮጊቷ እናቴን ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጠቻት፤ እግሯን በሙቅ ውሃ አጠበቻት። እናቴ ኀፍረት ይዟት «እማማ፣ ኧረ ይተዉት፣ ኧረ በእግዚአብሔር!» ስትል፣ አሮጊቷ እንዳልሰማች ሆና ጣቶቿን አንድ በአንድ ትፈትግላታለች።

ያን ሌሊት መደብ ላይ ቁርበት ተነጥፎልን፣ ከጥጆቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አደርን። የድልድዩ ጫጫታ ስለ ቀረብኝ እንቅልፍ እንቢ ይለኛል ብዬ ነበር። የጥጃው ትንፋሽ ግን ወዲያው ወሰደኝ።

ማክሰኞ

ማለዳ ጫልቱ ትኩስ ቂጣ በቅቤ አብልታን፣ ጫካው አፍ ድረስ ሸኘችን። «ስንት ቀን ትቆያላችሁ?» አለች። አባቴ «ነገ እንመለሳለን፣ እማማ» አላት። ጫካውን አሻግራ ስታይ ፊቷ ትንሽ ጠቆር እንዳለ አስተዋልኩ።

ጫካው ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ጸጥታው ነው። ጥዶቹ ከሲኒማ ቤቱ ዓምዶች ይወፍራሉ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ጉልላት ይበልጣሉ። ከቅርንጫፎቻቸው እንደ ሽማግሌ ጺም ያለ ነገር ተንጠልጥሏል። ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ፣ እናቴ «እነዚህስ ለበዓል የለበሱ ይመስላሉ» አለች።

አባቴ ገና ብዙ ሳንሄድ አቆመን።

«ዙሩ» አለ። «ከኋላችሁ ያለውን እዩ።»

ዞርን። የመጣንበትን መንገድ አላወቅሁትም። ሌላ ቦታ ይመስላል።

«ዱር ሁለት ፊት አለው። ስትገቡ የምታዩትና ስትወጡ የምታዩት አንድ አይደለም። መንገድ የሚጠፋበት የፊቱን ብቻ አይቶ የሚሄድ ሰው ነው። በየጊዜው ዞር በሉና አንድ ነገር ያዙ፤ የተሰበረ ቅርንጫፍ ይሁን፣ ድንጋይ ይሁን፣ ጎባጣ ዛፍ ይሁን።»

ጌታሁን ወዲያው ያዘው። አንዱን ጎባጣ ዛፍ «ጋሽ በቀለ» ብሎ ሰየመው፤ ሁለት ሥር እንደ እግር የዘረጋውን «ጎሚስታው» አለው። እኔም አንዱን እንደ ዳንቴል የተበሳ ድንጋይ «የሙሽራዋ ልብስ» አልኩት። አባቴ እየሳቀ «እንዲህ ከሆነማ አትጠፉም» አለ።

ሁለተኛው ትምህርት መንገድ ሲጠፋ የሚደረገው ነው። «ቁጭ ማለት» አለ። «የጠፋ ሰው እግሩ ልቡን ይቀድመዋል፤ ይሮጣል፣ ጭራሽ ይርቃል። ቁጭ በሉ። ጠጡ። ስሙ። ዱር ውስጥ ጆሮ ከዓይን ይበልጣል፤ ውሃ ከሩቅ ይሰማል። ውሃ ካገኛችሁ ቁልቁል ተከተሉት፤ ውሃ የሚወርደው ሰው ወዳለበት ነው።»

ከዚያ የሚበላና የማይበላ። ከቁጥቋጦው ላይ ቀይ ቀጋ ለቅሞ ፍሬውን እንዴት እንደሚጠርግ አሳየን። «ወፍ በላው ብላችሁ አትብሉ፤ የወፍ ሆድ የእናንተ አይደለም። የማታውቁትን እጃችሁም አይንካው» እያለ ሲመክር እኔ እጄን ሳማ ውስጥ ከትቼ ጮህኩ። እናቴ ከእኔ የባሰ ጮኸች። አባቴ ቱልት የሚባለውን ቅጠል በመዳፉ አሽቶ ቁስሉን ጠራረገልኝና፣ ያቃጠለኝን ሳማ እዚያው በጨርቅ ይዞ ለቀመው። ቀትር ላይ በጣሳ ቀቅሎ አበላን። የሚነድፍ ነገር ጥርስ ሥር እንዲህ ሲለሰልስ ገረመኝ። «በሱቅ የምንገዛው ጎመን አይጣፍጥም ነበር ማለት ነው» አለች እናቴ፤ ሁለት ጊዜ ጨመረች።

ፉርኖ ዳቦውን ግን አልበላነውም። ዛፍ ሥር አስቀምጠነው ዘወር ስንል አንዲት ጦጣ ይዛው ቅርንጫፍ ላይ ወጣች። ጌታሁን ድንጋይ ቢወረውር፣ እናቴ ጃንጥላዋን ዘርግታ ብትሯሯጥ፣ ጦጣዋ ቁጭ ብላ እንደ ፒያሳ ወይዘሮ ቁራሽ በቁራሽ እየቆረሰች ጨረሰችው።

ከሰዓት በኋላ ማደሪያ ሠራን። የወደቀ ግንድ ላይ ቅርንጫፎች ደገፍን፣ ላዩን በቅጠል ደፈንነው፣ በሩን ከነፋስ አዞርነው። አባቴ ከላዩ ይልቅ ለሥሩ ይጨነቅ ነበር። «ብርድ የሚገድለው ከታች ነው» እያለ ደረቅ ቅጠል እስከ ጉልበታችን ድረስ አስከመረን። ልብስ ሰፊነቱ እዚያም አልለቀቀውም፤ ቅርንጫፉን እንደ ገበር እየደረበ፣ ክፍተቱን በዓይኑ እየለካ ነበር የሚሠራው።

እሳት አስቸገረን። አንዱን እንጨት በሌላው ላይ እያሽከረከሩ ጭስ እስኪወጣ መፈተግ ነው። ጌታሁን መዳፉ እስኪላጥ ፈተገ። እኔ ፈተግኩ። የጥድ ልጣጭ እንደ ጥጥ ለስልሶ ተዘጋጅቷል፤ ጭሱ ይመጣና ይጠፋል። አባቴ እንጨት ሊጨምር ዘወር ባለ ጊዜ እናቴ ከጡቷ ሥር ክብሪት አውጥታ ጫረችው። አባቴ ሲመለስ እሳቱ ቦግ ብሏል። እናቴን አያት፣ ጌታሁንን አየው።

«ማን አነደደው?»

አባቴ የተላጠውን የጌታሁንን መዳፍ ያዘና «ጎበዝ» አለው። ማወቁን ዛሬም አልጠራጠርም።

ረቡዕ

ማለዳ ስንነቃ ጉም ወርዷል። አባቴ ግን መሄድ ፈለገ። በጠላት ጊዜ ከጓዶቹ ጋር የተጠለለበትን ቦታ ሊያሳየን አስቧል፤ ሩቅ አይደለም አለን። ፊት ፊታችን እየሄደ «እዚህ አንድ መንታ ወይራ አለ» ይላል፤ ወይራው የለም፤ ተቆርጧል። «ከዚህ በስተግራ ቀጭን መንገድ አለ» ይላል፤ በቦታው ጣውላ የተጎተተበት ሰፊ የጭቃ መንገድ ተኝቷል። እየፈጠነ ሄደ። ዞር እያለ ማየቱንም ተወው። ጉሙ እየወፈረ መጣ፤ ከፊቴ ያለችው የእናቴ ጀርባ እንኳ ደብዝዛ ነበር የምትታየኝ።

ብዙ ከተጓዝን በኋላ አንድ የተቆረጠ ጉቶ ጋ ደረስን። እናቴ ቆመች።

«ተሰማ፣ ይህን ጉቶ ቅድም አልፈነዋል።»

«አላለፍነውም።»

«ጃንጥላዬን ተደግፌ ጫማዬን ያራገፍኩበት ነው። ጭቃውን ተመልከት።»

አባቴ ጭቃውን አየ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። አባቴን ግራ ገብቶት አይቼው አላውቅም ነበር። «ትንሽ ወደዚህ ብንሄድ...» ሲል እናቴ ክንዱን ያዘችው።

«ቁጭ በል» አለችው። «አንተው አይደለህ ያስተማርከን? ቁጭ በል።»

ጉቶው ላይ ተቀመጠ። ሁላችንም ተጠጋግተን ተቀመጥን። እናቴ በሶ በጣሳ በጥብጣ አዞረችልን። እኔ ፈርቼ ነበር፤ በልቤ የሰፈራችንን ሱቆች ከድልድዩ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ በተራ እየጠራሁ ራሴን አጽናናለሁ።

«ይሰማችኋል?» አለ ጌታሁን።

አዳመጥን። ከሩቅ፣ እንደ ሰው ሹክሹክታ ያለ፣ ውሃ። ጉሙ ሳሳ ሲል ድምፁን ተከትለን ወረድን። በየመሀሉ ቆመን እንሰማለን፤ እሾሁ የእናቴን ቀሚስ ቀደደው፤ እኔ ሁለቴ ወደቅሁ። በመጨረሻ ከድንጋይ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ጋ ደረስን። ከምንጩ በላይ አንድ ትልቅ ዝግባ ቆሟል። ሆዱ ተሰንጥቆ ሰው የሚያስገባ ዋሻ ሆኗል።

አባቴ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። ቀስ ብሎ ሄዶ እጁን ወደ ስንጥቁ ከተተ፤ አንድ ነገር እንደሚፈልግ ሁሉ ዳበሰ። ከዚያ እዚያው ሥሩ ላይ ተቀመጠና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ ዘመን ሲናገር ሰማሁት።

«ክረምት ነበር። ቆስለን፣ ተርበን ነበር። ትናንት ያሳየኋችሁን ቀጋና ሳማ ሁሉ በልተን ጨርሰናል። ጫካ ሰውን ይደብቃል እንጂ አያጠግብም፣ ልጆቼ። አንድ ቀን ውሃ ልንቀዳ ስንመጣ፣ እዚህ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የገብስ ቂጣ አገኘን። የጠላት መርዝ ይሆናል ብለን ፈራን። ዕጣ ተጣጣልን፤ ለእኔ ወጣ። ቀመስኩት። ሌሎቹ እያዩኝ እስኪመሽ ጠበቁ። ጨው የሚባል ነገር የለውም እንጂ፣ ቂጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ በየጥቂት ቀኑ ይቀመጥልን ነበር። ማን እንደሚያስቀምጠው አይተን አናውቅም። ብናይ፣ ብንያዝ፣ ተገርፈን ብናወጣስ ብለን ማየትም አልፈለግንም።»

«በኋላስ ማን እንደ ሆነ አላፈላለግህም?» አለች እናቴ።

«ጠየቅሁ። ሰው ሁሉ እኔ ነኝ ይላል ወይም ማንም አልነበረም ይላል። ተውኩት።»

ምንጩን ተከትለን ቁልቁል ወረድን። ጫካው አልቆ ገላጣው ላይ ስንወጣ የጫልቱ ጎጆ ከፊታችን ነበረች። እሷም ደጃፏ ላይ ቆማ ወደ ጫካው ታይ ነበር። ሮጣ መጥታ እኔን አቀፈችኝ። «ኢጆሌ ኮ» አለች። ልጆቼ ማለቷ መሆኑን ሎሚ ነገረችን። ጉሙን አይታ ከማለዳ ጀምሮ ሳትቀመጥ ነበር የዋለችው።

ጀንበር ስትጠልቅ እሳቱ ዳር ተሰብስበን የጾም ሹሮ በላን። ጫልቱ ጥጥ ትፈትላለች፤ እናቴ የተቀደደ ቀሚሷን ይዛ፣ እንዴት እንደ ጠፋን፣ አባቴ እንዴት እንደ ተቀመጠ እያሳቀች ታወራለች። ምንጩ ጋ ያለው ትልቅ ዝግባ ላይ ስትደርስ የጫልቱ እንዝርት ቆመ።

«የቱ ዝግባ?» አለች።

«ሆዱ የተሰነጠቀው፣ እማማ» አላት አባቴ። «በጠላት ጊዜ አውቀዋለሁ።»

«እዚያ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ቂጣ እናገኝበት ነበር።»

አሮጊቷ እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ፣ «ጨው አልነበረውም» አለች።

አባቴ ቀና አለ።

«ጨው ጠፍቶ ነበር ያን ጊዜ» አለች። «ከየትም አጣሁ። ቂጣውን ባስቀመጥኩ ቁጥር፣ እነዚህን የሰው ልጆች አልጫ አበላኋቸው እያልኩ ነበር የምመለሰው። እስካሁንም ይቆጨኛል።»

አባቴ ተነሥቶ እግሯ ላይ ተደፋ። እሷ ደነገጠች፤ «ተነሥ፣ ተነሥ!» እያለች ትከሻውን ትገፋለች። እናቴ ታለቅሳለች። ጌታሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባቴ ሲነሣ ጫልቱ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ እሳቱ ብርሃን አዞረችው። «አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ» አለች። «ጉደታ ይባላል። ረጅም ነው፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ከአርበኞቹ ጋር ዱር ገባ፤ አልተመለሰም። ከእናንተ ጋር ነበር?»

እናቴ ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብላ «አውቀዋለሁ በላት» ስትል ሰማኋት። «ምን ይጎዳሃል? ጀግና ነበር በላት።»

አባቴ አሮጊቷን አየ።

«አላውቀውም፣ እማማ» አለ። «ከእኛ ጋር አልነበረም። ቢኖር ኖሮ አልረሳውም ነበር።»

ጫልቱ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እንደ ጠበቅነው አላለቀሰችም።

«እኔ እዚህ ለሰው ልጅ ሳስቀምጥ፣ አንዲት እናት ደግሞ በሌላ ጫካ ለእሱ ታስቀምጥለት ይሆናል ብዬ ነበር» አለች። «እሷን አላውቃት። አንተ ግን በላህ። መብላትህን ነግረኸኛል፤ ይበቃኛል።»

ሐሙስ

ጋሽ በቀለ ጣውላ ጭኖ እስኪመጣ ድረስ ጠዋቱን እነሱው ዘንድ ነበርን። አባቴ ከሎሚ ገመድ ተቀብሎ የጫልቱን ትከሻና ቁመት ለካ። እሷ እንደ ልጃገረድ እያፈረች ቆመችለት፤ «ለአሮጊት ምን ልብስ ያስፈልጋታል?» ትላለች፤ ግን ዝቅ ከፍ እያለች እጆቿን ዘርግታ ታስለካለች። እናቴ ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ ለሎሚ አለበሰቻት፤ በጉዞው ሁሉ የተሳለቅንበትን ጃንጥላም ሰጠቻት። ጫልቱ መንገድ ድረስ ሸኝታን በየግንባራችን ላይ እፍ እያለች መረቀችን። ቃሉን አልሰማሁትም፤ ትንፋሹ ግን ሞቅ ያለ ነበር።

ስንመለስ ሁላችንም ከኋላ፣ ጣውላው ላይ ተቀመጥን። ጣውላው የጥድ ሽታ ነበረው። ከተማው ሲቀርብ የምድጃው ጭስ፣ የመኪናው ጥሩምባ፣ የድልድዩ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብን። ጫካ ውስጥ ሳለሁ የናፈቀኝ ሰፈሬ ያን ቀን ጠበበኝ። ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ይጮኻል፣ ይገፋፋል፣ ይስቃል። ጌታሁን ሰፈር ላይ ሲወርድ ጓደኞቹ ከበቡት፤ «አንበሳ አየህ?» አሉት። «የለም፤ ጦጣ ዳቦዬን በላችብኝ» አላቸው። ሳቁበት። ሌላውን አልነገራቸውም።

አባቴ ለጫልቱ ሙሉ ቀሚስና ካባ ሰፋ፤ ለሹም እንኳ እንደዚያ ሲጠነቀቅ አላየሁትም። ከዚያ ወዲያ ጥምቀት ባለፈ ቁጥር መናገሻ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ሁላችንም፣ አንዳንዴ ብቻውን። ጌታሁንም ጎልምሶ የራሱን ልጆች ዝግባው ድረስ ወስዶ አሳይቷል። እኔ ካገባሁ በኋላ እንኳ ባሌ «ይህ ሁሉ መንገድ ለማን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ይዤው ሄጄ ከጫልቱ ጋር አስተዋወቅሁት።

አንድ ቀን ሎሚ ሐዘን ለብሳ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። ከጫልቱ ቀብር ሲመለስ አባቴ ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ ወደ ቤት ገባ። ጎረቤቶች በድንጋጤ ወጡ። ከሁሉም ቀድማ የደረሰችው ደጃፍ ለደጃፍ አብረናት የኖርነው እትዬ ዘውዴ ነበረች።

«ጋሽ ተሰማ፣ ምነው? ማን ሞተብህ?»

«እናቴ።»

እትዬ ዘውዴ ግራ ገባት። «እናትህንማ ድሮ፣ ጣሊያን ሳይገባ፣ አብረን ቀብረናት የለም እንዴ?»

«አዎ» አለ አባቴ። «እሷ የወለደችኝ ናት።»

ሌላ አልጠየቁትም። ወንዶቹ ድንኳን ተከሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይዘው መጡ፤ የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ከድልድዩ ማዶ በትከሻ ተጭነው ገቡ። ሰፈራችን ፊቷን አይቶ ለማያውቃት ለመናገሻዋ ጫልቱ ተቀምጦ አለቀሰላት።